እግረኛና አሽከርካሪ በምዕራብ ጎጃም አውራ ጎዳና፦ ስለ ጥፋትና ስለ ምክንያት የተደረገ ዳሰሳ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ከተሻገረ በኋላ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ አድርጎ ፍኖተ ሰላም የሚገባው፣ ከዚያም ማንኩሳን አልፎ በቡሬ በኩል ወደ እንጅባራና ወደ ባሕር ዳር የሚያቀናው አውራ ጎዳና፣ በካርታ ላይ ሲታይ ሁለት ታላላቅ ከተሞችን የሚያገናኝ አንድ ቀጭን መስመር ነው። በመሬት ላይ ሲታይ ግን የጭነት መኪናና አውቶቡስ፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ፣ ገለባ የተጫነ አህያ፣ ከግጦሽ የሚመለስ ከብት፣ ተማሪ፣ ገበያተኛና ቤተ ክርስቲያን ሳሚ ሁሉ በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት የወል ስፍራ ነው። በዚህ የወል ስፍራ ሰው ይሞታል፤ የሚሞተውም ባለሞተሩ ብቻ ሳይሆን፣ በመላ አገሪቱ የፖሊስ መዝገብ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ገሚሱ ያህል በእግሩ የሚሄደው ሰው ነው። በአዲስ አበባማ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አሥር ሰዎች ስምንቱ ገደማ እግረኞች ናቸው።

ነገሩን የሚመረምሩ ሰዎች አንድ ጥያቄ የያዙ ይመስላቸዋል፤ በእውነቱ ግን የያዙት ሁለት ጥያቄ ነው። አንደኛው፣ አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚነሣው፣ በደለኛው ማን ነው? የሚለው የፍርድ ጥያቄ ሲሆን፣ ሁለተኛው፣ አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው፣ እንዲህ ያለውን ሞት እየደጋገመ የሚወልደው ነገር ምንድን ነው? የሚለው የምርመራ ጥያቄ ነው። የፊተኛው የዳኛ፣ የኋለኛው የመሐንዲስ ነው። የፖሊስ መዝገብ፣ የራድዮ ወሬና የስብሰባ ክርክር ግን ሁለቱን አደባልቀው ስለሚያቀርቡ፣ አጥፊው ተለይቶ በታወቀ ጊዜ ምክንያቱም አብሮ የታወቀ ይመስላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከተጻፈውና ከተነገረው የሚበዛው የሚሰናከለው በዚሁ መደበላለቅ ነው ብሎ ይህ ዳሰሳ ያምናል።

የነገሩ ጥንት

በሞተር የሚሄድ ተሽከርካሪ እግረኛን ሲገድል በታሪክ ቀድመው ከተመዘገቡት አደጋዎች አንዱ የደረሰው በለንደን ከተማ በነሐሴ 1888 ዓ.ም. ነው፤ ሟቿም ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች የልጆች እናት ነበረች። የዓድዋ ጦርነት በተደረገ በስድስተኛው ወር መሆኑ ነው። ወደ ኢትዮጵያ መኪና የገባው ከዚያ በኋላ በ1900 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለችውን አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አምጥቶ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው እንደ ነዷት ተጽፏል። በዚያን ዘመን የጎጃም መንገድ የሲራራ ነጋዴና የበቅሎ፣ የአጋሰስና የእግረኛ መንገድ ስለ ነበረ፣ ፍጥነቱም በሰው እግርና በእንስሳ ኮቴ የተለካ ስለ ነበረ፣ መንገደኛ መንገደኛን ረግጦ የሚገድልበት ነገር እምብዛም አልነበረም።

ሰፊውን የመኪና መንገድ በዚህ አገር የዘረጋው በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል የነበረው የጣልያን ወረራ ነው። የዘረጋውም ለጦር ሠራዊቱና ለስንቁ ካሚዮን እንጂ ለመንደረተኛው ስላልነበረ፣ መንገዱ ከመጀመሪያው የእግረኛ ዳርቻ የሌለው ነበር። ከነጻነት በኋላ በዓለም ባንክ ብድር ተረድቶ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ይህንኑ ጎዳና ተረክቦ ጠበቀው፣ አሻሻለውም፤ የመንገድ ሥራ ዓላማው ግን ያው እህልን ወደ ከተማ፣ ሸቀጥን ወደ ገጠር በፍጥነት ማድረስ ሆኖ ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ ሊባል ይገባዋል። ፒተር ኖርተን የተባለው የታሪክ ሊቅ ስለ አሜሪካ ከተሞች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ በዚያ አገር ጎዳናው አስቀድሞ የእግረኛና የልጆች መጫወቻ ነበር፤ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የመኪና ነጋዴዎችና ማኅበሮቻቸው በብዙ ቅስቀሳ የጥፋተኝነቱን ስም ከነጂው ወደ ተሻጋሪው ካዛወሩ በኋላ ነው ጎዳናው የመኪና የሆነው። በጎጃም ግን ነገሩ የተገለበጠ ነው። አስፋልቱ ሲመጣ ከጥንቱ የመኪና ሆኖ መጣ፤ ሰዉ ነው በኋላ ወደ እርሱ የተጠጋው። ጅጋና ማንኩሳ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ ሌሎችም ትንንሽ መንደሮች ሁሉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ረዝመው የተሠሩት ሱቁ፣ ሻይ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱና መናኸሪያው አላፊ አግዳሚውን ተስፋ አድርጎ ስለ ተተከለ ነው። እንግዲህ መንገዱ ወደ ሰው ቤት ገባ የሚለው ወገንና ሰዉ ወደ መንገዱ ወጣ የሚለው ወገን በየፊናቸው የሚጠቅሱት ታሪክ አላቸው።

ከ1989 ዓ.ም. በፊት የአገሪቱ መንገድ ርዝመት 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚያ ዓመት የተጀመረው የመንገድ ልማት መርሐ ግብርና በ2003 ዓ.ም. የተከተለው ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኘው የገጠር መንገድ ሥራ ተደምረው፣ በሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ርዝመቱን ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አድርሰውታል። ከወንበርማ፣ ከሰከላ፣ ከቋሪትና ከደጋ ዳሞት ወደ ዋናው ጎዳና የሚወርደው የጠጠር መንገድ ሁሉ መኪና አይቶ የማያውቀውን ገበሬ ከዓለም ገበያ ጋር አገናኝቶታል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ከሚበር ባለ ተሳቢ ጋርም እንዲሁ።

ነጂውን የሚከሰው ወገን

የመጀመሪያውና ብዙ ተከታይ ያለው አስተያየት አደጋው ሁሉ የአሽከርካሪው ጠባይ ውጤት ነው የሚለው ነው። ለዚህ ወገን ምስክሩ ብዙ ነው። የፖሊስ መዝገብ ከአደጋዎቹ አብዛኛውን በነጂው ስሕተት ስም የሚጽፍ ሲሆን፣ ከስሕተቶቹም መካከል ለእግረኛ ቅድሚያ አለመስጠት፣ ከልክ ያለፈ ፍጥነት፣ ጥምዝ ላይ ወይም አቀበት ጫፍ ላይ ደርቦ ማለፍና ርቀት ሳይጠብቁ መከተል በተደጋጋሚ ይታያሉ። ሕዝቡም ፍርዱን በቅጽል ስም ሰጥቷል፤ አይሱዙን አልቃይዳ፣ ሲኖትራክን ቀይ ሽብር ብሎ የሰየመው ሌላ ማንም አይደለም። መንጃ ፈቃድ ያለ በቂ ልምምድ የሚገኝበት ጊዜ እንዳለ፣ ጫትና እንቅልፍ ማጣት በረጅም መንገድ ላይ የሚያደርሱት መፍዘዝም ምን ያህል እንደሆነ፣ ከባለሥልጣን እስከ መንገደኛ የሚያውቀው ነው።

ይህን ወገን በሁለት መክፈል ይገባል። አንደኞቹ ነገሩን የምግባር ጉድለት ያደርጉታል፤ ነጂው ትዕግሥት፣ ርኅራኄና ፈሪሀ እግዚአብሔር ቢኖረው ኖሮ ሰው ባልሞተ ነበር ይላሉ፤ መድኃኒቱም ምክርና ቅጣት ነው። ሁለተኞቹ ግን ነጂውን የሚነዳውን ነገር ይጠይቃሉ። የቅጥቅጥና የአባዱላ ሹፌር የሚያገኘው ገንዘብ በምልልሱ ብዛት የሚወሰን ከሆነ፣ ባለንብረቱ በየማታው የተቆረጠ ገቢ የሚጠብቅ ከሆነ፣ ረዳቱም ከኋላ የመጣው መኪና ተሳፋሪውን ሳይነጥቀው በፊት ቀጣዩ ፌርማታ መድረስ ካለበት፣ ዝግ ብሎ የሚሄድ ነጂ እንጀራውን የሚያጣ ነጂ ነው። ይህን ሰው ስለ ትዕግሥት መስበክ፣ ስብከቱ እውነት ቢሆንም፣ የሥራውን ሥርዐት እስካልነኩ ድረስ የሚፈይደው ጥቂት ነው። የሁለተኞቹ ሐሳብ ከአንደኞቹ ይልቅ ጥልቀት እንዳለው የታወቀ ነው፤ ሆኖም ባለንብረቱን ለመጠየቅ የሚበቃ ማስረጃ ከመናኸሪያ አውጥቶ በወረቀት ላይ ማስፈር ቀላል ስላልሆነ፣ ክርክራቸው ከወሬ አልፎ ወደ ጥናት የገባው በጥቂቱ ነው።

የጠባይ ነገር ሲነሣ ግን አብዛኛው ጸሓፊ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ማስረጃ በየዓመቱ በአደባባይ ይታያል። በከተራና በጥምቀት፣ ወይም በደብሩ የንግሥ ቀን፣ ታቦት ወጥቶ ሕዝቡ በእልልታ አስፋልቱን ሲሞላው፣ በማለዳው ያንኑ ከተማ በ80 ፍጥነት ያቋረጠው አሽከርካሪ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንዳንድ ጊዜም ወርዶ ነጠላውን አጣፍቶ ይቆማል። የቀብር ሸኚ ሲያጋጥመውም እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ሰው ትዕግሥት ከፍጥረቱ የጎደለው ሰው አይደለም። መንገዱ ለዚያች ሰዓት የሌላ መሆኑን ስላመነ ቆሟል፤ በሌላው ቀን አሮጊት ስትሻገር የማይቆመው ደግሞ የማለፍ መብቱ የእርሱ እንጂ የእርሷ መስሎ ስለማይታየው ነው። እንግዲያስ ጠባይ የሚባለው ነገር ገሚሱ መንገዱ የማን ነው? ለሚለው ጥያቄ በልብ የተሰጠ መልስ ነው ማለት ነው፤ መልሱም በስብከት ብቻ ሳይሆን መንገዱን በመሥራትና ሕጉን በማስከበር የሚጻፍ ነው።

እግረኛውን የሚወቅሰው ወገን

ሁለተኛው አስተያየት ጥፋቱን በእግረኛው ላይ ያደርጋል። ገጠሬው በአስፋልት መካከል ይሄዳል፣ ከብቱን ሳይጠብቅ ይለቃል፣ ሕፃናት ከመኪና ኋላ ወጥተው ይሮጣሉ፣ ከገበያ የሚመለሰው ጠላና አረቄ ጠጥቶ በማታ ይንገዳገዳል ይላል። ለዚህም ሲባል በትምህርት ቤትና በራድዮ ግራህን ይዘህ ተጓዝ የሚለው ትምህርት ለረጅም ዘመን ተሰጥቷል፤ በአዲስ አበባም ያለ ዜብራ የሚሻገርን እግረኛ በገንዘብ መቅጣት ተሞክሯል።

ግራን ይዞ የመሄድ ትምህርት በመሠረቱ ትክክል ነው፤ መኪና በቀኝ በሚሄድበት አገር እግረኛ በግራ ሲሄድ የሚመጣበትን ፊት ለፊት ያያል። ነገር ግን ትምህርቱ አንድ ነገር አስቀድሞ የያዘ ነው፤ በግራ በኩል የሚረገጥ መሬት አለ ብሎ ያስባል። በጃቢ ጠህናንና በቡሬ ዙሪያ ገጠር፣ አስፋልቱ ካበቃበት ጀምሮ ጠባብ ጠጠር፣ ቀጥሎ የውኃ መውረጃ ቦይ፣ ከዚያ ወዲያ የታረሰ እርሻ በሆነበት ስፍራ ሁሉ፣ በክረምት ጭቃው ጉልበት ሲደርስ፣ ሸክም ያላት ሴት ወይም አህያ የሚነዳ ልጅ አስፋልቱን ትቶ የት ይሂድ? ጠጠሩ ባዶ እግርን ይወጋል፤ ቦዩ ጭነትን ይገለብጣል። አስፋልት ላይ መውጣቱ ድንቁርና ሳይሆን አስቦ የመረጠው ነገር ነው፤ ምርጫው አደገኛ መሆኑ ሌላ ነገር ነው።

ስለ ሕፃናትም የሚባለው ተለይቶ መመርመር አለበት። የልጆችን አእምሮ ያጠኑ ሊቃውንት፣ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ የሚመጣውን መኪና ርቀትና ፍጥነት አመዛዝኖ ለመፍረድ ገና እንደማይችል ያስረዳሉ። ስለዚህ ሕፃንን በቸልተኝነት መክሰስ ከተፈጥሮው በላይ መጠየቅ ነው፤ ትምህርቱ ቢጠቅምም ለነጂው መዘግየት ምትክ አይሆንም። ስለ ሌሊት ጉዞ ግን የዚህ ወገን ማስጠንቀቂያ ጠንካራ ነው። ለኪዳንና ለማኅሌት ገና ሳይነጋ የሚወጣው ምእመን ነጭ ጋቢውን ወይም ነጠላውን ስለሚለብስ በመብራት ሩቅ ይታያል፤ ከሥራና ከገበያ ዘግይቶ የሚመለሰው በጥቁርና በአረንጓዴ ልብስ ያለው ሰው ግን ነጂው ከአጠገቡ እስኪደርስ ድረስ አይታየውም። እዚህ ላይ ትምህርትና ጥቂት የሚያበራ ጨርቅ የሚያደርጉት ጥቅም ማንም የማይክደው ነው።

ስለ መንገዱ የሚናገረው ወገን

ሦስተኛው አስተያየት ከሁለቱ ዘግይቶ የመጣ ነው። የስዊድን ምክር ቤት በ1997 እ.ኤ.አ. በተቀበለው ራእይ መሠረት፣ ሰው ሁልጊዜ ይስታል፤ መንገድና ተሽከርካሪም ሰው በሳተ ጊዜ እንዳይሞት ሆነው ሊሠሩ ይገባል። ይህ ወገን የበደለኛውን ጥያቄ ሳይንቅ ወደ ኋላ አድርጎ የምክንያቱን ጥያቄ ያስቀድማል፤ ከምክንያቶቹም ሁሉ ፍጥነትን ራስ ያደርጋል።

የፍጥነት ነገር በሒሳብ የተቆረጠ ስለሆነ ብዙ አያከራክርም። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንዲት ሴኮንድ ውስጥ 22 ሜትር ይሄዳል፤ ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በደኅና ፍሬን እንኳ ለመቆም ከ55 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል። ያው መኪና በ30 ቢጓዝ 13 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። የመግጨቱ ኃይልም በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ፣ በ30 የተገጨ እግረኛ አብዛኛውን ጊዜ ቆስሎ ይተርፋል፤ ፍጥነቱ 50ን አልፎ እያደገ ሲሄድ ግን የመትረፍ ዕድሉ በብርቱ ይወርዳል። የዓለም የጤና ድርጅት አማካዩ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር የሞት አደጋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚጨምር ይገልጻል። በየካቲት 2012 ዓ.ም. በስቶክሆልም የተሰበሰቡት የመንግሥታት መልእክተኞችም፣ እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ከ30 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ፍጥነት እንዲታዘዝ መክረዋል።

ለፍኖተ ሰላምና ለቡሬ ይህ ምክር ሲተረጎም፣ ጎዳናው ወደ ከተማ ሲገባ መልኩ እንዲለወጥ ማድረግ ማለት ነው፦ መጥበብ፣ ጉብታ፣ የእግረኛ ዳርቻ፣ መብራት ያለው መሻገሪያ። ጉብታ ርካሽና ውጤቱ የተመሰከረለት መሣሪያ ነው፤ ምልክትና ቀለም የሌለው ጉብታ ግን በሌሊት ራሱ አደጋ ይሆናል፣ አምቡላንስንም ያዘገያል። በዚህ ላይ ሳም ፔልትዝማን የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1975 እ.ኤ.አ. ያስነሣው ክርክር አለ፤ ነጂ ደኅንነት በተሰማው ቁጥር ድፍረቱን ይጨምራል የሚል ነው። የኋለኞቹ ጥናቶች የፔልትዝማንን ግምት በብዙ አሳንሰውታል፤ ሆኖም በእኛ አገር አንድ ፍሬ ነገሩ እውነት ሆኖ ይታያል። ጉድጓድ የበዛበት አሮጌ አስፋልት በታደሰ ጊዜ፣ የፍጥነት መቀነሻው ካልታሰበበት፣ ጉድጓዱ ሲከለክለው የነበረውን ፍጥነት እድሳቱ ይፈቅደዋል። የአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ይህን በአጥር ፈትቶታል፤ እግረኛውን ከመንገዱ ለይቶታል። የቡሬን ዋና መንገድ ግን ማን ያጥራል? ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በግራና በቀኝ ሆነው ሳለ መለየት አይቻልም፤ የሚቻለው ማዘግየት ነው።

ሕጉ ስለ ሦስቱ ምን ይላል

ከዘመናዊው ሕግ በፊት የነበረው ሕግ በበደልና በምክንያት መካከል ያለውን ልዩነት አያውቀውም የሚል ካለ ተሳስቷል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 19 ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ እንበለ ፈቃዱ ባልንጀራውን የገደለውን ሰው ከነፍሰ ገዳይ ለይቶ መማጸኛ ከተማ ይሰጠዋል። ኦሪት ዘጸአት በምዕራፍ 21 ደግሞ የወጊ በሬ ባለቤት አስቀድሞ ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር ደሙን በእርሱ ላይ ያደርጋል። ዘዳግም በምዕራፍ 22 አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ወድቆ የሚሞት እንዳይኖር መከታ እንዲያደርግለት ያዛል። የመጀመሪያው የሚመለከተው ነጂውን ነው ቢባል፣ ሁለተኛው ባለንብረቱን፣ ሦስተኛው መንገድ ሠሪውን ይመለከታል። ፍትሐ ነገሥትም በፈቃድ የተደረገውን ግድያ ሳይታሰብ ከደረሰው ይለያል። እንግዲህ ለካህናቱና ለሽማግሌዎቹ በደልና ምክንያትን መለየት አዲስ ትምህርት አይደለም።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት፣ ራሱ ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ደነገገ። ይህም የወጊውን በሬ ሕግ ያስታውሳል፤ ያጠነክረዋልም፤ መኪና ሁልጊዜ ወጊነቱ የታወቀ በሬ ነው እንደ ማለት ነውና። አንቀጽ 2086 ተጎጂው ራሱ ጥፋት ያለበት ሲሆን ኃላፊነቱ እንዲቀንስ ወይም እንዲቀር ይፈቅዳል፤ አንቀጽ 2071 ደግሞ የእንስሳ ባለቤትን ኃላፊ ስለሚያደርግ፣ ወደ አስፋልት ወጥቶ አደጋ ያስከተለ በሬ ጌታ ከሳሽም ተከሳሽም ሊሆን ይችላል። ስለ ኅሊና ሐዘን የሚከፈለውን ካሣ ግን አንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ወስኖታል፤ ይህ ገንዘብ በ1952 ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ ዛሬ ለልቅሶ ቤት ድንኳን ኪራይ እንኳ አይበቃም፤ አንቀጹ ግን አልተነካም።

በወንጀሉ በኩል በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ አንቀጽ 543 ሦስት ደረጃ አለው። በተራ ቸልተኝነት ሰው የገደለ ከስድስት ወር እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ ይቀጣል፤ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት፣ እንደ አሽከርካሪ ያለው፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት፤ ሁለት ሰው ወይም ከዚያ በላይ የገደለ፣ ግልጽ ደንብ የጣሰ ወይም ሰክሮ የነዳ ደግሞ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እሥራት። ብዙ ሲያከራክር የኖረው በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ድንበር ነው። ከመንዳት ስሕተት ደንብ የማይጥስ የትኛው ነው? ፍጥነት ማለፍ ደንብ መጣስ ነው፤ ቅድሚያ መንፈግም ደንብ መጣስ ነው፤ ቃሉ እንዳለ ከተወሰደ ሁለተኛው ደረጃ ባዶ ይቀራል። በጠባቡ ከተተረጎመ ደግሞ ሰክሮ ያልነዳ፣ አንድ ሰው ብቻ የገደለ ነጂ ምን ጊዜም ወደ ቀላሉ ይወርዳል። ጥያቄው የሕግ ሊቃውንት ጨዋታ አይደለም፤ ነጂው ሰው ከገጨ በኋላ ይቆማል ወይስ ይሸሻል? የሚለውን የሚወስነው በከፊል የሚጠብቀው ቅጣት፣ በከፊልም በስፍራው የሚሰበሰበው ሕዝብ ቁጣ ነው።

ከሕጉ ጎን የሽምግልናው መንገድ አለ። የሟች ወገንና የነጂው ወገን በሽማግሌና በካህን አማካይነት ተገናኝተው ካሣ ከፍለው ደም ያደርቃሉ፤ ዕርቁም ቂም በቀልን ይከላከላል። ይህን የሚያመሰግኑት ፍርድ ቤት ሊሰጥ የማይችለውን ሰላም ይሰጣል ይላሉ፤ የሚነቅፉት ደግሞ ጉዳዩ በመዝገብ ሳይሰፍር የሚቀርበት በር ይሆናል፣ ድሀው ቤተሰብም ከሚገባው ያነሰ ይቀበላል ይላሉ። ሁለቱም እውነት የያዙ ስለሆነ፣ የሚሻለው ዕርቁን ሳያፈርሱ የካሣውን ልክ በሕግ መጠበቅ ይመስላል።

የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 የታወጀው ይህን ልክ ለማስከበር ነበር። አዋጁ በታወጀ ጊዜ ለአስቸኳይ ሕክምና እስከ 2,000 ብር እንዲከፈል፣ መድን በሌለው ወይም ገጭቶ ባመለጠ መኪና የተጎዳም ሰው ከመድን ፈንድ እንዲካስ አድርጓል፤ ይህ ታላቅ በጎ ነገር ነው። ነገር ግን በአዋጁ ለአንድ ሰው ሞት የተወሰነው ካሣ ከ5,000 ብር እስከ 40,000 ብር ሲሆን፣ ለተሰበረ ንብረት የተወሰነው ጣሪያ 100,000 ብር ነበር። የመድን ሒሳብ የራሱ ምክንያት ሊኖረው ይችላል፤ ከእግረኛው ወገን ሆኖ ለሚያነበው ግን፣ ከሰዉ ነፍስ ይልቅ የመኪናው መከላከያ የተከበረ ይመስል ነበር። ከመድኑ በላይ ያለውን በፍትሐ ብሔር ሕግ መጠየቅ ይቻላል መባሉ ጠበቃ መያዝ ለሚችል ሰው የሚሠራ መልስ ነው።

የቁጥሩ ችግር

ከዚህ በላይ የተነገረው ሁሉ የሚመካው በፖሊስ መዝገብ ላይ ነው፤ መዝገቡ ደግሞ የታመመ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ኢትዮጵያ ያስታወቀችው የዓመት ሟች ከ5,000 በታች ሲሆን፣ ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ከ27,000 በላይ ነበር፤ በአገሪቱ የተመዘገበው ተሽከርካሪ በዚያን ጊዜ 700 ሺህ ያህል ብቻ ነው። ግምቱ የበዛ ነው ብለው የሚከራከሩ አሉ፤ ስሌቱ የሌሎችን አገሮች ልማድ ወደ እኛ ያመጣልና ክርክሩ ባዶ አይደለም። ሆኖም በገጠር ቆስሎ ወደ ቤቱ የተወሰደ፣ በሽምግልና የተጨረሰ፣ በሆስፒታል ከብዙ ቀን በኋላ የሞተ ሰው ከመዝገቡ ሊያመልጥ እንደሚችል የሚክድ የለም። እውነቱ ከሁለቱ ቁጥሮች መካከል የት እንደሚያርፍ የሚወስነው የሆስፒታሉን፣ የፖሊሱንና የቀበሌውን መዝገብ አንድ ላይ የሚያመሳክር ሥራ ነው።

ሌላው ጉድለት የምክንያቱ አጻጻፍ ነው። ፖሊስ የሚደርሰው አደጋው ካለፈ በኋላ ነው፤ ሟቹ አይናገርም፤ ነጂው ለራሱ ይናገራል፤ ቅጹም የሚፈልገው በደለኛ ነው። ቦዩ ጥልቅ እንደ ነበረ፣ መብራት እንዳልነበረ፣ የቅርቡ መሻገሪያ ሩቅ እንደ ነበረ የሚጻፍበት ስፍራ እንደ ሰዉ ጥፋት አይሰፋም። ስለዚህ ከአሥሩ አደጋ ዘጠኙ የነጂ ጥፋት ነው ሲባል፣ ይህ ስለ አደጋው የሚናገረውን ያህል ስለ ቅጹም ይናገራል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በተነሣው ግጭት መንገዱ አንድ ጊዜ ሲዘጋ አንድ ጊዜ ሲከፈት፣ የትራፊክ ቁጥጥሩም ሲቋረጥ ስለ ቆየ፣ የእነዚህን ዓመታት ቁጥር ከቀደሙት ጋር ማወዳደር ለብዙ ስሕተት ይዳርጋል።

ያልተቆረጠው ነገር

በ1950ዎቹ ዓ.ም. የወጣው የትራፊክ ደንብ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከተሠራበት በኋላ በ2003 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 208 ተተክቷል፤ ይህም ቆይቶ ተሻሽሏል። የነጂውን ጥፋት ዘርዝሮ መቅጣት በየጊዜው እየተሻሻለ የሄደ ጥበብ ነው። የሌላው ወገን ጥበብ፣ መንገዱን በሰው ልክ የማድረጉ፣ የቆመው ግን በዕውቀት ማጣት ሳይሆን በባለቤትነት ጥያቄ ላይ ነው።

ጎዳናው የፌዴራል መንገድ ስለሆነ አስፋልቱን የሚያሠራውና የሚጠግነው የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው፤ በጎዳናው ዳር የሚሠራውን ሱቅ የሚፈቅደው፣ ባጃጅ የሚቆምበትን ስፍራ የሚመድበው፣ ገበያውን የሚተክለው ግን የከተማው አስተዳደር ነው። በሁለቱ መካከል የቀረው ጥቂት ሜትር መሬት፣ እግረኛው የሚሄድበት፣ የማን ነው? የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ከተማ ውስጥ ሲገባ ተጨማሪ ስፋትና የእግረኛ መንገድ ከተማው በገንዘቡ እንዲያግዝ ይጠብቃል፤ የከተማው ገቢ ግን ለውኃና ለጤና ጣቢያ አልበቃም። አንዳንዶች የጉብታና የመሻገሪያ ወጪ ከጥገናው በጀት ጋር ተዋሕዶ መንገዱ በታደሰ ቁጥር በግዴታ እንዲሠራ ይሻሉ፤ ሌሎች የመድን ፈንዱ ካሣ ከመክፈል አልፎ አደጋ የሚደጋገምበትን ስፍራ ለማስተካከል እንዲያወጣ ይሻሉ። ሁለተኛው ሐሳብ ገንዘቡን ከጉዳቱ ጋር ስለሚያገናኝ የሚሻል ይመስላል፤ ግን የትኛው ኪሎ ሜትር ላይ ስንት ሰው እንደሞተ የሚያሳይ መዝገብ ሳይኖር ፈንዱ ወዴት እንደሚያወጣ ማወቅ አይችልምና፣ ክርክሩ ተመልሶ በቅጹ ላይ ይወድቃል፤ ከበደለኛው ስም አጠገብ የስፍራው ርቀትና የመንገዱ ሁኔታ የሚጻፍበት ዓምድ ይጨመር ወይስ አይጨመር በሚለው ላይ።